የደጋን ፊት ቋሚ

የሞራ ሽታ የሚናፍቀው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እኔንም አይናፍቀኝም። ባለፈው ቅዳሜ ግን፣ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ያለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን ፀሐይ ሳሞቅ፣ አንዲት ወጣት በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ጎንበስ ብላ ስትጨብጠኝ፣ ከእጇ ላይ የሞራና የትኩስ እንጨት ፍቅፋቂ ሽታ መጣብኝ። ወዲያው መንጋጋዬን ጠዘጠዘኝ። ሽታ መንጋጋ ያሳምማል ብል ሐኪም ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ እኔን ያመኛል። «ከመይ ውዒልኩም ኣቦይ እንድሪስ» ብላ በትግርኛ እንዴት ዋሉ አለችኝ። «አልሐምዱሊላህ። የማን ልጅ ነሽ ጓለይ?» አልኳት። «የኪሮስ። የአሰልጣኝ ኪሮስ የመጨረሻ ልጅ ነኝ፣ ለተብርሃን እባላለሁ።» ቀና ብዬ አየኋት። ግንባሯ የሱ ነው፤ አንድ እግሯን ወጣ አድርጋ መቆሟም የሱ ነው። ወንበር ሰጠኋትና ሻይ አስመጣሁላት፤ የኪሮስ ልጅ በመሆኗ ሻይ አይከለከልም።

ነገሯን በጥሩ አማርኛ ጀመረች። ዓዲ ሓቂ በኩል ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጋር የቀስት ቡድን አቋቁመዋል፤ ግማሾቹ ከጅማ፣ ከጎንደር፣ ከሐዋሳ የመጡ ልጆች ናቸው። የሚለማመዱት በቡድኑ የጋራ ደጋን ነው። እሷ ግን የራሷን ፈልጋለች፤ በቁመቷ ልክ የሚሆን፣ ከአንድ ወጥ እንጨት የሚወጣውን፣ ያንን የድሮውን ረጅም ደጋን። የደጋን ሠሪው የአቦይ ሓለፎም ልጅ የአባቱን እንጨት ቤት ይዞ አሁንም ይሠራል፤ ሄዳ ነካክታ መጥታለች። «ታዲያ ግዢዋ፣ እኔ ምን አገባኝ?» አልኳት። «አባቴ ብቻሽን እንዳትመርጪ አለኝ። እንድሪስ ፊት ይቁምልሽ አለኝ።» ሻዬን አስቀመጥኩት። «ለምን ራሱ አይቆምልሽም? ዓይኑ ፈዘዘ እንዴ?» «ኧረ፣ ያለ መነጽር ነው የሚያነበው። እኔም ጠየቅኩት፤ ‹እሱ ይቁምልሽ› ብቻ ነው ያለኝ።» እሺም እምቢም አላልኳት። ነገ ጠዋት ነይ አልኳትና ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ አልኩ፤ ሽታው አልሄደም።

እኔ ከደሴ ወደዚህ ከተማ ስመጣ ጺሜ ገና በወጉ አልወጣም ነበር። የስፖርት መምህር ተብዬ ተመደብኩ፤ ፊሽካ፣ አንድ ቱታና አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ይዤ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ መቐለ የድንጋይ ቤት፣ የነፋስና የጋሪ ከተማ ነበረች። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከገበያ እስከ ሰፈርህ በጋሪ ነበር፣ ፈረሱ ዳገት ላይ ሲደክመው ወርደህ አብረህ ትገፋለህ፣ ሒሳቡን ግን አይቀንሱልህም። ሻይ በስሙኒ ነበር። ወሎዬዎች ከገበያው ጀርባ ጨርቅና ጨው ይነግዱ ነበር፤ አርብ ከጁምዓ መልስ እነሱ ዘንድ ሄጄ አማርኛ ጠግቤ እመለስ ነበር። በቀረው ቀን የሚሰማኝ ያጣሁ ሰው ነበርኩ፤ ትግርኛው ከጉሮሮ ነው የሚወጣው፣ የኔ ጉሮሮ ደግሞ አልለመደም። ተማሪዎቼ ስምንተኛ ክፍል ሆነው «ቲቸር፣ ዓይኒ በል» ይሉኝና ስል ይስቁብኝ ነበር። ያስተማረኝ ኪሮስ ነው። የዚያው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። እየሳቀ ጉሮሮዬን በጣቱ እየነካ «ከዚህ፣ ከዚህ አውጣው ሓወይ፣ ወንድሜ» ይለኝ ነበር። ዛሬ ዓይኒንም፣ ዓይናለም የሚባለውን ሰፈርም እንደ አገሬው ሰው እጠራለሁ፤ የሱ ውለታ ነው። እኔ የሰው ውለታ አልክድም።

አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። ደሞዝ የወጣ ለት ሰፊ ሱሪ፣ ከፊቱ ሁለት እጥፍ ያለው፣ ልብስ ሰፊ ጋ እናሰፋ ነበር፤ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ ስንሄድ ልክ እንደ ባንድ ተጫዋች። ኮቱ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ነበረው። ቅዳሜ ማታ ማታ ካሴት ቤቱ ማዕዘን ላይ እንቆማለን፤ ባለቤቱ ስፒከሩን ወደ ውጭ አዙሮ አዲስ ዘፈን ይለቃል፣ መግዛት የማይችል ሁሉ እዚያ ቆሞ ይሰማል። ኪሮስ ግጥሙን ወዲያው ይይዛል፤ እኔ ዜማውን። ቤት ስንገባ አገጣጥመን አንድ ሙሉ ዘፈን ይወጣናል። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ሳልፍ የስልክ ልባስ ነው የተሰቀለው፣ በየቀለሙ፣ ዘፈኑም ከየሰዉ ጆሮ ውስጥ ነው፣ ማንም ለማንም አይለቅም። ዘፈኑ አይደለም የሚያናድደኝ። እዚያ ቆሞ የነበረውን እንድሪስን ሳስበው ነው የምናደደው፤ ያ ጅል፣ ያ ሰውን በሙሉ ልቡ የሚያምን ልጅ።

የቀስቱ ነገር የመጣው ውጭ አገር ተምሮ ከተመለሰ አንድ አሰልጣኝ ነው። ዓይናለም አካባቢ፣ የውሃ ጉድጓዶቹ አጠገብ፣ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነበር፤ አሁን ቤት ሞልቶበታል። እዚያ ጭድ የተሞላ ጆንያ ሰቅለን እንወረውር ጀመር። እኔ ሳልፎክር ልናገረው፤ ጎበዝ ነበርኩ። እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ነፋሱን አውቀዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ ሲመጣ ፍላጻውን ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚገፋው ሳልለካ አውቅ ነበር። ኪሮስም ደህና ነበር፤ ግን ከኔ ኋላ ነበር፣ ይህንን ቡድኑ በሙሉ ያውቃል። በኋላ አሰልጣኙ ወሬ ይዞ መጣ፦ ከመካከላችን አንድ ሰው ተመርጦ ለሥልጠና ወደ ውጭ ይላካል፤ ሲመለስ ሥራው አሰልጣኝነት፣ ኑሮው ሌላ። ለምርጫው የሚወረወረው በረጅም ደጋን ነው፤ የራስህን ይዘህ ትመጣለህ። ያን ዕለት እኔና ኪሮስ ቤት እስክንደርስ አላወራንም። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

ረጅም ደጋን የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ አቦይ ሓለፎም፤ ቁመቱ አጭር፣ ነገሩ አጭር፣ ሰጋቱራ ከቅንድቡ የማይጠፋ አናጢ። ከቆላ የለንቋጣ እንጨት ያስመጣል፣ ጥላ ስር ክረምትና በጋ ያደርቀዋል፣ ከዚያ በመላጊያ እየላገ፣ ሞራ እየቀባ ያወጣዋል። ደጋን ለመግዛት የሄደ ሰው ጀማሪ ከሆነ ጠንካራውን ይመርጣል፤ ጡንቻውን ለሰው ለማሳየት። ሞኝነት ነው። ጥሩ ደጋን ስትስበው የሚከብድህ አይደለም፤ ስበህ ይዘኸው ትንፋሽህን የሚተውልህ ነው። ቁመቱ ካንተ ቁመት ማነስ የለበትም። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት። ያለ ፍላጻ ስበህ ጅማቱን ከለቀቅከው ደጋኑ ራሱን ይሰብራል፤ አቦይ ሓለፎም ጅማት በባዶ የለቀቀን ሰው ከእንጨት ቤቱ ያስወጣል፣ ዳግመኛም አይሸጥለትም። ትልቁ ሕጉ ግን ሌላ ነበር። ብቻውን ለመጣ ሰው ደጋን አይሰጥም። «ፊት ቋሚህስ?» ይላል። ምክንያቱም ደጋን ስትስብ ፊትህ ጅማቱ ላይ ነው፤ ሁለቱ ክንፎች፣ የላዩና የታቹ፣ እኩል ይጉበጡ አይጉበጡ ራስህ አታየውም። ሌላ ሰው ፊት ለፊትህ ቆሞ አይቶ ይነግርሃል። አንዱ ክንፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከታጠፈ፣ ያ ደጋን ዛሬ ባይሰበር ነገ ይሰበራል፣ ሲሰበርም የሚመታው ጉንጭህንና መንጋጋህን ነው። ስለዚህ ፊት ቋሚ የሚሆነው የምታምነው ሰው ነው። ሌላ መንገድ የለም።

ያን ጊዜ የደረሱ ሁለት ደጋኖች ብቻ ነበሩት። ሌላ እንጨት ለመድረቅ ገና ነበር፣ ምርጫው ደግሞ ቅርብ። ኪሮስ ቀላ ያለውን አነሳ፤ እኔ ነጣ ያለው ማረከኝ። መጀመሪያ ኪሮስ ሳበ፣ እኔ ፊቱ ቆምኩ። ሁለቱ ክንፎች ቀስ ብለው አንድ ላይ ጎበጡ፤ የሚያምር ነበር፣ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። «እኩል ነው» አልኩት። ቀጥሎ እኔ ሳብኩ። ኪሮስ በሩ ጋ ቆመ፣ ብርሃኑ ከጀርባው ይገባ ነበር፣ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። ሳብኩ፣ ያዝኩ። ኪሮስ ትንሽ ዘገየ። ትንሽ ነች፣ ግን ዘገየ። «እኩል ነው ሓወይ» አለ፤ «ውሰደው።» ቀስ ብዬ መለስኩና ወሰድኩት። አቦይ ሓለፎም በዚያ ሰዓት ውጭ ከአንድ ባለጋሪ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።

በምርጫው ቀን ዓይናለም ሜዳ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ፍላጻዎች ጆንያው መሐል ላይ ደረደርኳቸው። ቀጣዩን ስስብ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ መሬት ላይ ነበርኩ፣ አፌ ደም ሞልቶ። የታች ክንፉ ተሰብሮ ስንጥሩ መንጋጋዬን ከፍቶታል። ከፊት ያሉት ጥርሶቼ እዚያው ሜዳው ላይ ቀሩ። ኪሮስ ነው ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ፤ ሸሚዙ በደሜ ራሰ፣ እያለቀሰ ነበር። በማግስቱ ምርጫው ቀጠለ፤ ኪሮስ ተመረጠ፤ ሄደ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ አፌ ተሰፍቶ ስለነበር ምንም አላልኩትም። ኋላ አቦይ ሓለፎም ስብርባሪውን ይዞ መጣ። ቅርንጫፍ ወጥቶበት የነበረ አንጓ አሳየኝ፣ ከሥሩ የበሰበሰ። «ከላይ ልጌ ልጌ እኔም አልታየኝም» አለ፤ «ሲጎብጥ ግን ይታያል። ማነው የቆመልህ?» ስሙን አልነገርኩትም። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ የቀረው ዕድሜዬ በዚህች አንዲት ጥያቄ አለቀ። አይቶ ነው ወይስ ሳያይ? ፍርድ ቤት እንደሚመላለስ ሰው ስመላለስ ኖርኩ። አንዳንድ ቀን ጠበቃው ሆኜ እከራከርለታለሁ፦ ልጅ ነበር፣ ልምድ አልነበረውም፣ እኔ ራሴ የቆምኩት ለደህናው ደጋን ነው፣ የታመመ ደጋን ሲጎብጥ ምን እንደሚመስል እኔም አይቼ አላውቅም፤ ምናልባት በቀላሉ አይታይም። ሌላ ቀን ያቺ መዘግየቱ ትመጣብኛለች። ነጣ ያለው መጥፎ ነው ቢል ኖሮ የሚቀረው ቀዩ ብቻ ነው፣ ቀዩን ደግሞ ቡድኑ ከሱ ይልቅ ለኔ እንደሚሰጠው ያውቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ የረሳ ይመስል ነበር። ከውጭ ተመልሶ አሰልጣኝ ሆነ፣ ቤት ሠራ፣ በመኪና ሄደ። እኔ ፊሽካዬን እየነፋሁ ጡረታ ወጣሁ፤ በሰው ሠራሽ ጥርስ ፊሽካ መንፋት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ቆሎ አልቆረጥምም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣል፣ እኔም ለሱ በዓል እሄዳለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ክፉው ጊዜ ሲመጣ፣ ባንኩም ስልኩም መብራቱም ተዘግቶ ጡረታዬ የማይወጣ ወረቀት ሲሆን፣ ኪሮስ አንድ ቀን ዱቄት ተሸክሞ በእግሩ መጣ። ያን ሰሞን ዱቄት ምን እንደነበር የመቐለ ሰው ያውቀዋል። እሱም ከስቶ ነበር፣ ሱሪው በገመድ ነበር የታሰረው። «የወሎ ሰው ነኝ ብለህ ያለ ዘመድ የቀረህ እንዳይመስልህ» ብሎኝ ከረጢቱን አስቀመጠ። በላሁት፤ ልጆቼም በሉ። ባለቤቴ ዘሃራ «እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል» ስትል ከምግቡ ጋር ዋጥኩት። እውነቱን ልናገር፣ ከዱቄቱ በኋላ ነው የባሰብኝ። በፊት ልጠላው እችል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መጥላቱንም በወጉ አልችለው አልኩ፣ መውደዱም አልመጣልኝ። ሰው ጠላቱን እንኳ በሙሉ ልብ እንዳይጠላ ሲደረግ ያንገበግባል።

እሑድ ጠዋት ለተብርሃን መጣች። ሄድን። እንጨት ቤቱ ያው ነው፣ በሩ ብቻ ብረት ሆኗል። የአቦይ ሓለፎም ልጅ ጎልማሳ ነው፣ የአባቱን ያህል ቁጡ አይደለም፤ ሕጉን ግን ይዞታል። «ፊት ቋሚሽ ኣቦይ እንድሪስ ናቸው?» አለና ገለል አለ። ለተብርሃን ያነሳችው መጀመሪያ ዓይኗ የገባውን፣ ጠቆር ያለውን፣ የሚያብረቀርቀውን ነው። እዚያው ኪሮስ የቆመበት ቦታ፣ በሩ ጋ፣ ብርሃኑን ከጀርባዬ አድርጌ ቆምኩ። ሳበች። ጅማቱ ጉንጯ ጋ ደረሰ። እኔም አየሁ።

ወላሂ፣ አተኩሮ ማየት አያስፈልግም ነበር። የላዩ ክንፍ እንደ ሙሉ ጨረቃ ጠርዝ ጎብጧል፤ የታቹ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ እንደ ተሰበረ ክርን እጥፍ ብሏል። ልጅ ያየዋል። መንገድ የሚሄድ ሰው ያየዋል። ከዚህ በር ቆሞ፣ ይህ ብርሃን እያለ፣ አላየሁም የሚል ሰው የለም። ያ ሁሉ ዓመት የተሟገትኩበት ችሎት በአንድ ጊዜ ተዘጋ። የበሩን ብረት ያዝኩ።

ልጅቷ ስባ እንደያዘች ናት። ጉንጯ ጅማቱ ላይ ነው፣ ጥርሶቿ ነጫጭ ናቸው። «እንዴት ነው ኣቦይ?» አለችኝ በአፏ ጠርዝ። እኔም ዘገየሁ። ትንሽ ነች፣ ግን ዘገየሁ። «እኩል ነው» የምትል ሁለት ቃል ናት የምትፈልገው፣ ማንም አያውቅብኝም፣ ሰው የሚለው «ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ ደክሞ ነው» ነው። ምላሴ ላይ መጥታ ጣፈጠችኝ። አልዋሽም፣ ጣፈጠችኝ። ከዚያ የኪሮስን ግንባር አየሁት፤ ከሥሩ ያለው ግን የሌላ ሰው ፊት ነው፣ ምንም ያላደረገችኝ ልጅ ፊት። «መልሺው» አልኳት። «እንዳትለቂው፤ ቀስ ብለሽ መልሺው።» መለሰችው። «የታቹ ክንፍ ታሟል፤ አስቀምጪው።» ቀጣዩን ሳበች፣ እሱም አልሆነም። መጨረሻ ላይ የማያምረውን፣ አቧራ የጠጣውን አነሳች፤ ሁለቱም ክንፎች አብረው ጎበጡ። ያንን ግዢ አልኳት።

ከእንጨት ቤቱ ስንወጣ ስልኳን አወጣች። «አባ፣ አገኘን። ኣቦይ እንድሪስ ሁለቱን ጣሏቸው» ብላ እየሳቀች ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። ከሷ ራቅ አልኩ።

«ቆምክላት ሓወይ?» አለኝ።

«ቆምኩላት።»

«እንዴት ነበር?»

«የመጀመሪያው ደጋን የታች ክንፉ የታመመ ነበር» አልኩት። «በሩ ጋ ቆሜ አየሁት። ፍጥጥ ብሎ ነው የሚታየው ኪሮስ።»

ትንፋሹ ይሰማኛል፣ የሽማግሌ ትንፋሽ ሆኗል። ባጃጅ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

«አዎ» አለ። «ይታያል።»

ቆየና፣ «ልነግርህ ስመጣ አፌ እምቢ ይለኛል። ስንት ጊዜ በርህ ድረስ መጥቻለሁ። ዱቄቱን ያመጣሁ ለትም ልነግርህ ነበር። አልቻልኩም። እሷን ስልክልህ እኔ የቆምኩበት ቆመህ ራስህ ታየዋለህ ብዬ ነው» አለኝ።

ስድብ ፈለግኩ፣ በትግርኛም በአማርኛም፤ አልመጣም። የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። «እኔስ እኩል ነው ብያት ቢሆን ኖሮ?» አልኩት። «የልጅህን ፊት ነው እኮ ለቁማር ያስያዝከው። እኩል ነው ውሰጂው ብያት ቢሆንስ?»

«አትልም» አለኝ ወዲያው። እዚህ ላይ አልዘገየም። «አንተ አትልም። ያን ጊዜም አውቅህ ነበር።»

ስልኩን መለስኩላት። ይህን ሁሉ ዘመን ማንነቴን ሳያውቅ የበደለኝ መስሎኝ ነበር የምብሰለሰለው፤ ለካ ከናቴ ልጅ ይበልጥ ያውቀኝ ነበር። እንደማልጠረጥረው፣ እንደማልከሰው፣ ስሙን እንደማልጠራ አውቆ ነው ውሰደው ያለኝ። ዛሬም ያንኑ እውቀቱን ይዞ ልጁን ላከብኝ፣ ዛሬም ልክ ሆነ።

ለተብርሃን ደጋኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ታክሲ እያቆመች፣ «አባቴ ምን አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰላምታ ነው» አልኳት።